ያልተወራረደ የእናት ሀብት

የውርስ ክርክር የሚይዝ ጠበቃ የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ሲያነብ ከእግዚአብሔር መኖርና አለመኖር ሙግት በፊት ዓይኑ የሚያርፈው በሒሳቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1880 በመጽሔት በተከታታይ የወጣው ይህ ልቦለድ የሚነሣው ከተራ የንብረት ጠብ ነው። የበኩር ልጁ ዲሚትሪ የሟች እናቱን ሀብት ይጠይቃል፤ አባቱ ፊዮዶር ፓቭሎቪች ደግሞ ገንዘቡን በየጊዜው በቁንጥር ሲልክለት ኖሮ፣ ድርሻውን ጨርሶ እንዲያውም ባለዕዳ ሳይሆን እንደማይቀር ይነግረዋል። በመነኩሴው በአባ ዞሲማ ፊት ገዳም ድረስ ሄደው የተቀመጡት ሽምግልናም በስድብ ተበተነ። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ወንድማማቾችን የሚያቃቅረው ቅናት ብቻ አይደለም፤ የማን ምን እንደሆነ ሆን ብሎ የሚያድበሰብስ አባት ነው።

አባትና ልጅ የተጣሉት ሁለቱም በሚፈልጓት ሴት በግሩሼንካ እንጂ በገንዘብ አይደለም የሚል ይኖራል። አባትየው ለእሷ በፖስታ አሽጎ ያስቀመጠው 3,000 ሩብል ግን ዲሚትሪ ከእናቱ ሀብት ይገባኛል የሚለው ያው ገንዘብ ነው። ቅናቱም በዚያው ሒሳብ ውስጥ ገብቷል። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ በኋላ የሚገደለውን አባት ለሞት ያበቃው «ነፍስ ዘላለማዊ ካልሆነች ሁሉም ይፈቀዳል» የሚለው የሌላው ልጁ የኢቫን ሐሳብ ነው የሚለው። እውነት አለው፤ ኢቫን የሚመጣውን እየጠረጠረ ከከተማው መውጣቱን የትኛውም የውርስ ሕግ አያነጻለትም። ሆኖም ሐሳቡ ደም ያፈሰሰው በማን እጅ ነው? በወጥ ቤቱ በስሜርዲያኮቭ እጅ፤ የፊዮዶር ልጅ ነው እየተባለ በሚታማው፣ አባት ግን በልጅነት ባልተቀበለው ሰው። ለኢቫን ድርሻውን የሚያሰላለትም እሱ ነው። አባትየው ግሩሼንካን ሳያገባ ቢሞት ለእያንዳንዱ ልጅ 40,000 ሩብል ይደርሳል፤ ዲሚትሪ ተፈርዶበት መብቱን ቢያጣ ደግሞ የቀሩት የሁለቱ ልጆች ድርሻ ለእያንዳንዳቸው ወደ 60,000 ከፍ ይላል። ሂሳቡን እንዲህ አጥርቶ የሚያውቀው ሰው ለራሱ አንዲት ሩብል አልተመደበለትም። ፍልስፍናውን ከኢቫን ሲቀበል፣ ቂሙ ግን አስቀድሞ የራሱ ነበር።

ድርሻ ቢሰጠው ኖሮ አይገድልም ነበር አልልም፤ ልቦለዱም እንዲህ ያለ ማረጋገጫ አይሰጥም። ጉዳዩ ግን የልቦለድ ብቻ አይደለም፤ የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ ከወንድሞቹ እኩል ያወርሰዋል። ልጅነቱ ሳይታወቅ አባት ከሞተ ግን ያ እኩልነት በማስረጃ ክርክር ሲንከባለል ይኖራል። ስለዚህ ያልገለጹት ልጅ ያለዎት አንባቢ ከሆኑ በሕይወት ሳሉ ይቀበሉት፤ ከልጆችዎ እናት የመጣውንም ንብረት ለይተው በጽሑፍ ያስፍሩ።