«በብርሃን ፍጥነት ብንጓዝስ?» ለሚለው የተማሪ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ብርሃን ፍጥነት በተነገረ ቁጥር ከተማሪዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይኸውም «ሰው በብርሃን ፍጥነት ቢጓዝ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው። ጥያቄውን «በፈተና አይመጣም» ብሎ ማለፍ የተማሪውን የመመርመር ፍላጎት ያዳክማል። «ጊዜ ይቆማል» ብሎ በአጭሩ መመለስም ያለ ማስረጃ ማመንን ማስተማር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተማሪው አስቀድሞ በሚያውቀው ሒሳብ ጥያቄውን በሚገባ መመለስ እንደሚቻል ማሳየት ነው።

ብርሃን በባዶ ህዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር፣ በግርድፉ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ባቀረበው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ይህ ፍጥነት ቆሞ ለሚለካውም ሆነ በቋሚ ፍጥነት እየተጓዘ ለሚለካው ሰው አንድ ነው። ከሚሄድ መኪና ላይ ወደ ፊት በተወረወረ ድንጋይ ፍጥነት ላይ የመኪናው ፍጥነት ይደመራል፤ ከመኪናው መብራት በሚወጣው ብርሃን ላይ ግን አይደመርም።

ከዚህ የሚከተለውን ውጤት መምህሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሳይ ይችላል። በአንድ የጠፈር መንኮራኩር ወለልና ጣሪያ ላይ ሁለት መስተዋቶች ትይዩ ሆነው ተቀምጠዋል እንበል። ከወለሉ የተነሣው ብርሃን ጣሪያው ላይ ሲደርስ እንደ አንድ የሰዓት ምት ይቆጠር። በውስጥ ላለው ተጓዥ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ግን መንኮራኩሩ ወደ ጎን ስለሚሄድ የብርሃኑ መንገድ ሰያፍ ነው። የመንኮራኩሩ ፍጥነት ከብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ ቢሆን፣ ብርሃኑ በሰያፉ 5 አሃድ ሲጓዝ መንኮራኩሩ 4 አሃድ ይጓዛል። ስለሆነም በፓይታጎረስ ቲዎረም መሠረት ከፍታው 3 አሃድ ይሆናል። የብርሃን ፍጥነት ለሁለቱም ተመልካቾች እኩል በመሆኑ፣ በውጭው ሰው ሰዓት 5 ዓመት ሲያልፍ በተጓዡ ሰዓት የሚያልፈው 3 ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም ተጓዡ የልብ ትርታውም ሆነ ሐሳቡ አብሮ ስለሚሄድ አንዳች የመዘግየት ስሜት አያድርበትም።

መንኮራኩሩ ከብርሃኑ እኩል 5 አሃድ ይጓዝ ቢባልስ? ከፍታው ዜሮ ይሆናል፤ ጎነ ሦስቱም ይፈርሳል። ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ስለማይደርስ ምት የሚቆጥር ሰዓት አይኖርም። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ «ጊዜ ይቆማል» ሳይሆን «መጠነ ቁስ ያለው አካል እዚያ ፍጥነት ላይ አይደርስም» የሚል ነው። ለመድረስ ወሰን የሌለው ጉልበት ያስፈልገዋልና። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የሰርን ቤተ ሙከራ ፕሮቶኖች ከብርሃን ፍጥነት ወደ 99.999999 በመቶ እንዲደርሱ ተደርጓል፤ የቀረችውን ጥቂት ግን ማንም ሊሞላት አልቻለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። ከህዋ የሚመጡ ጨረሮች ከምድር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአየር ጋር ሲጋጩ ሙዮን የተባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። አማካይ ዕድሜያቸው 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ፣ በብርሃን ፍጥነት ቢሄዱ እንኳ 660 ሜትር ያህል ተጉዘው ሊጠፉ በተገባ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ምድር ይደርሳሉ፤ ከእኛ አንጻር ሲታይ ሰዓታቸው ዘግይቷልና። አቅጣጫ ጠቋሚ ሳተላይቶችም ከፍጥነታቸው የተነሣ ሰዓታቸው በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። በአንጻሩ በከፍታው ላይ የምድር ስበት ደካማ በመሆኑ 45 ያህል ይቀድማል። ስለዚህ 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የሆነው ልዩነት ዘወትር ይታረማል።

ከላይ እንደታየው ይህን ትምህርት ለመስጠት የሚያስፈልገው ጠመኔና የፓይታጎረስ ቲዎረም ብቻ ነው። ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ምሳሌውን ከቲዎረሙ ቀጥሎ ቢያስገቡት ሒሳቡም ፊዚክሱም ይጠቀማሉ። መምህሩም ጎነ ሦስቱን ራሱ ከመሣል ይልቅ ተማሪው እንዲሥለው ቢያደርግ ይመረጣል። መልሱን በገዛ እጁ ያገኘ ተማሪ ቀጣዩን ጥያቄ ለመጠየቅ ይደፍራልና።