ከመጠገን በፊት መንስኤውን መለየት፦ በሮል ፎርሚንግ ማሽን ላይ የሚታይ የላሜራ የጎን ጉብጠት

የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ላሜራ በሮለሮች መካከል አልፎ ቅርጽ ይዞ ሲወጣ ለምን ወደ ጎን ይጎብጣል? ጥያቄው ግን የጣሪያ ቆርቆሮና የጣሪያ ማገር በሚመረትበት ስፍራ ሁሉ በየዕለቱ የሚነሣ ነው። መልሱም ብረቱ ለግንባታ እንዲውል ወይም ከቁርጥራጭ ጋር እንዲጣል የሚወስን ነው።

በቅድሚያ ስያሜውን እናጥራ። ከሮል ፎርሚንግ ማሽን የሚወጣ ምርት በሦስት ዐይነት መንገድ ከቀጥታነት ሊያፈነግጥ ይችላል። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊለመጥ፣ በራሱ ዙሪያ ሊጠመዘዝ፣ ወይም መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳለ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሊጎብጥ ይችላል። የዛሬው ጉዳያችን ሦስተኛው ነው፤ በሙያው ቋንቋ ካምበር ይባላል። ሦስቱ በአንድ ምርት ላይ ተደርበው ሊታዩ ስለሚችሉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ቡሎን ማጥበቅ መጀመር በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው።

ጉብጠቱ ምንድን ነው? በአንድ ዐረፍተ ነገር ልግለጸው፦ የጎን ጉብጠት ማለት የላሜራው አንዱ ጠርዝ ከሌላው ጠርዝ መርዘሙ ነው። ረጅሙ ጠርዝ ወደ ውጭ ይወጣል፤ አጭሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው። በየትም ቦታ ቢሆን ከሁለቱ ጠርዞች አንዱን ከሌላው አብልጦ የሚያስረዝም ነገር ካለ ጉብጠት ይፈጠራል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ስፋቱ 200 ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ በ2 ሜትር ርዝመት ላይ መሐሉ በ3 ሚሊ ሜትር ጎበጠ እንበል። የቅስቱን ራዲየስ ለማግኘት ርዝመቱን በራሱ አባዝተን፣ የጉብጠቱን መጠን ስምንት ጊዜ ወስደን እናካፍላለን። ውጤቱ ወደ 167 ሜትር ይሆናል። ስፋቱን ለዚህ ራዲየስ ስናካፍል በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለው የርዝመት ልዩነት በየሜትሩ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። በተጨማሪም ጉብጠቱ ከርዝመቱ ጋር በእኩል መጠን አያድግም፤ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በ2 ሜትር ላይ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው በ6 ሜትር ላይ 27 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ርዝመቱ ያልተጠቀሰ የጉብጠት ልኬት ትርጉም የለውም። ገዢና ሻጭ፣ ወይም ሁለት ፈረቃዎች፣ በተለያየ ርዝመት ላይ እየለኩ የሚከራከሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አሁን ብዙዎች የሚሞክሩትን መፍትሔ እንመርምር። ላሜራው ጎብጦ ሲገባ፣ በማሽኑ መግቢያ ላይ ያሉትን የጎን መሪዎች አጥብቆ ቀጥ ማድረግ ይሞከራል። ይህ ብቻውን ለምን አይበቃም? መደበኛ ለስላሳ ብረት ጭነቱ ሲነሣለት ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለስበት ወሰን አለው። የመጀመሪያ መሸነፊያ ነጥቡን 250 ሜጋፓስካል፣ የመለጠጥ ሞጁለሱን 200 ጊጋፓስካል ብንወስድ፣ ወሰኑ በየሜትሩ 1.25 ሚሊ ሜትር ያህል መሳሳብ ነው። የእኛን ላሜራ በጉልበት ቀጥ ስናደርገው የ1.2 ሚሊ ሜትሩን ልዩነት ሁለቱ ጠርዞች ይካፈሉታል፤ አንዱ በ0.6 ይሳባል፣ ሌላው በ0.6 ይጨመቃል። ይህ ከወሰኑ ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ላሜራው በመሪዎቹ መካከል እንደ ስፕሪንግ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ጉብጠቱ ሊመለስ ይፈልጋል። ከዚያም በላይ ጠርዙ በመሪው ላይ እየተፋተገ ይጎዳል።

የርዝመት ልዩነቱ ሊወለድ የሚችለው በሁለት ቦታ ነው፤ በኮይሉ ውስጥ ወይም በማሽኑ ውስጥ።

ከኮይሉ እንጀምር። ጠባብ ኮይሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኙት ሰፊውን እናት ኮይል በቁመቱ በመሰንጠቅ ነው። እናት ኮይል በተዳመጠበት ጊዜ መሐሉ ከጠርዞቹ በጥቂቱ ወፍሮ መቅረቱ የተለመደ ነው። ከመሐል የተሰነጠቀው ክፍል ግራና ቀኙ ስለሚመጣጠን ቀጥ ማለት ይቀናዋል። ከዳር የተሰነጠቀው ግን አንዱ ጎኑ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይሆናል። በዚያ ላይ በድመጣው ጊዜ በብረቱ ውስጥ ታምቆ የቀረው ውጥረት በስንጠቃው ይለቀቃል። ከግራ ዳርና ከቀኝ ዳር የተሰነጠቁ ኮይሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ሊጎብጡ የሚችሉትም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ጠባብ ኮይል ከእናቱ የትኛው ክፍል እንደተሰነጠቀ የሚያሳይ ምልክት ቢደረግበት፣ ብዙ ውዝግብ በአንድ የኖራ ጭረት ይፈታል።

በማሽኑ በኩል ሁለት ዋና ምንጮች አሉ። አንደኛው የሮለሮቹ ክፍተት ግራና ቀኝ አለመመጣጠኑ ነው። ኩሽኔታ ሲያልቅ ወይም ሻፍት ሲጎብጥ ክፍተቱ በአንድ ጎን ይጠባል፤ ሮለሩም በዚያ ጎን ያለውን ብረት እየዳመጠ ያሳሳዋል፤ የሳሳው ብረት ደግሞ ይረዝማል። የብረቱ ይዘት ስለማይቀንስና ስፋቱም እምብዛም ስለማይጨምር፣ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በአንድ ጠርዙ በአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳ፣ ያ ጠርዝ በየሜትሩ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይህን ያህል መሳሳት ከሰው ፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለሆነ በዐይን ተመልክቶ «ክፍተቱ ደኅና ነው» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው የቅርጹ አለመመጣጠን ነው። ላሜራው ወደ ላይ ሲታጠፍ ጠርዙ ከመሐሉ የሚረዝም መንገድ ይጓዛል። በ1 ሜትር ጉዞ ውስጥ በ50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚል ጠርዝ ቢያንስ 1.25 ሚሊ ሜትር ትርፍ መንገድ አለው። በሌላው ጎን ያለው ጠርዝ በ25 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ከሆነ ትርፉ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ክንፉ ከሌላው የሚረዝም ምርት፣ ማሽኑ ምንም ጉድለት ባይኖርበትም ሊጎብጥ ይችላል። መፍትሔውም የዲዛይን ነው፤ እጥፋቱን በብዙ ደረጃ ከፋፍሎ በረጅም ርቀት ላይ ማከናወን።

ታዲያ ጥፋቱ የኮይሉ ይሁን የማሽኑ በምን እንለያለን? እኔ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ፈተና ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ከአንድ ኮይል ተከታታይ የሆኑ፣ ርዝመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ቁራጮች ይቆረጡ። አንደኛው ከኮይሉ እንደወጣ በማሽኑ ይለፍ። ሁለተኛው ግን ሳይገለበጥ ጭራው ፊት እንዲሆን በአግድም ዞሮ ይግባ። ላሜራው ስላልተገለበጠ ቀለም የተቀባው ፊት እንዳለ ወደ ላይ ይሆናል፤ ግራ ጠርዙ ግን ቀኝ ይሆናል። በዚህም ከኮይሉ የመጣው ጉብጠት አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከማሽኑ የመጣው ግን አይቀይርም። ወደ ኦፐሬተሩ ጎን የሚጎብጠውን በመደመር፣ ተቃራኒውን በመቀነስ ምልክት እንጻፍ። የመጀመሪያው 8 ሲደመር፣ ሁለተኛው 2 ሲቀነስ ቢሆን፣ የሁለቱ ድምር ግማሽ 3 ሚሊ ሜትር የማሽኑ ድርሻ ነው፤ የልዩነታቸው ግማሽ 5 ሚሊ ሜትር ደግሞ የኮይሉ ድርሻ ነው። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ቢሆንም ምርመራው ከየት መጀመር እንዳለበት በግልጽ ያመለክታል።

ፈተናው ወደ ኮይሉ ካመለከተ፣ ላሜራውን በደልዳላ ወለል ላይ ያለ ምንም ጫና ዘርግቶ፣ ወደ ውስጥ በገባው ጠርዝ በኩል ቀጭን ሲባጎ ወጥሮ መሐሉን መለካት ነው። ልኬቱ በኮይሉ መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ይደገም። ወደ ማሽኑ ካመለከተ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የላሜራው መግቢያ ከማሽኑ መሐል መስመር ጋር መገጣጠሙ፤ ቀጥሎ ሮለሮቹ ከመጀመሪያው ስታንድ እስከ መጨረሻው በአንድ መስመር መሰለፋቸው በተወጠረ ሽቦ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በየስታንዱ ግራና ቀኝ ለስላሳ የብየዳ እርሳስ አሳልፎ የተጨፈለቀውን በማይክሮሜትር በመለካት ክፍተቱ ይመረመራል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ የተለወጠውም ይመዝገብ።

በማሽኑ መውጫ ላይ ያለው ማቃኛ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማቃኛ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የተረፈውን ጥቂት ስሕተት ለማረም እንጂ ምንጩን ለመሸፈን አልተሠራም። በማቃኛ ብቻ የተስተካከለ ማሽን ኮይል በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይቃኛል፤ በየቅኝቱም ብዙ ሜትር ላሜራ ይባክናል። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ኮይል ለሚጠቀም አምራች ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከብረቱ ሌላ የሚባክን ነገርም አለ። ምርቱ ሲጎብጥ ጣት የሚቀሰረው አብዛኛውን ጊዜ በኦፐሬተሩ ላይ ነው፤ እርሱም ራሱን ለመከላከል በኮይል አቅራቢው ያመካኛል። ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። ሁለት ቁራጭ ላሜራ፣ አንድ ሲባጎና አንድ ማስመሪያ ግን ክርክሩን ወደ ልኬት ይለውጡታል። ወደ ፋብሪካ ስትሄዱ፣ ውድ ተማሪዎች፣ መፍቻውን ከማንሣታችሁ በፊት ማስመሪያውን እንድታነሡ አደራ እላለሁ።