ያውቁ ኖሯል? የሳኒ አቀበት

ደቡብ አፍሪካን ከሌሶቶ የሚያገናኘው የሳኒ አቀበት ድሮ የበቅሎ መንገድ ነበር። ነጋዴዎች ከሌሶቶ ተራሮች የበግና የፍየል ጠጉር ጭነው በድራከንስበርግ ገደል ቁልቁል ይወርዱ ነበር፤ ሲመለሱ ደግሞ በቆሎና ብርድ ልብስ ይዘው ይወጡ ነበር።

በ1948 እ.ኤ.አ. ጎድፍሬይ ኤድመንድስ የተባለ የቀድሞ ተዋጊ አብራሪ ጂፕ ይዞ ጫፉ ድረስ ወጣ። ከፍታ የለመደ ሰው መሆኑ ሳይረዳው አልቀረም!

ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 2,870 ሜትር ገደማ ነው። ኮረኮንቹ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ በአካባቢው የብርድ ወቅት፣ በረዶ ይጋገርበታል። ፎር ዊል ድራይቭ ያልሆነ መኪና ከታች ካለው የደቡብ አፍሪካ ኬላ ይመለሳል። ደንቡ ጥብቅ ቢመስልም ተገቢ ነው።

ከአቀበቱ ይልቅ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ላይ ብቻ የሚተማመን ሾፌር ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ ልምድ ያለው ግን በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘለት፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

ለመውጣት ያሰበ ፓስፖርቱን አይርሳ፤ የሌሶቶ ኬላ ከደቡብ አፍሪካው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ እላይ ጫፉ ላይ ነው።