መጽሐፍ መግዛትና መጽሐፍ ማንበብ

በውጭ አገር በምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤት የአማርኛ መጽሐፍ አይጠፋም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ከበርበሬውና ከሽሮው ኪሎ ቀንሶ ያመጣልናል። መጽሐፉም መደርደሪያው ላይ ይሰለፋል፤ ብዙውን ጊዜም እዚያው ይቀራል። ስለ አገራችን ኋላ መቅረት ሲነሣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የማይጠቅስ ተከራካሪ ጥቂት ነው። ደራሲው ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»ን ከዳር እስከ ዳር ያነበበውስ ስንቱ ነው? ክርክራችን ሌላው የጠቀሰውን መልሶ በመጥቀስ የሚያልቀው አንድም በዚህ ይመስለኛል።

የተለመደው ምክንያት «ጊዜ የለኝም» ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው እውነት ነው፤ አልከራከርም። በቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ዜና የሚያሳድድ ሰው ግን (አብዛኞቻችንን ማለቴ ነው) ያጣው ልማድ እንጂ ጊዜ አይደለም።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። 96 ሰዎች አንድ ቀላል ተግባር መርጠው በየቀኑ ከአንድ የታወቀ ነገር ጋር፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ፣ እንዲፈጽሙት ተደረገ። ተግባሩ ሳይታሰብበት የሚከናወን እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ በስሌቱ መሠረት ከ18 እስከ 254 ቀን ደረሰ፤ መካከለኛው ቁጥር 66 ነበር። ጥናቱ ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥና ስለ አካል እንቅስቃሴ እንጂ ስለ ንባብ አልነበረም። ቢሆንም አንድ ግኝቱ በቀጥታ እኛን ይነካል፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። እኛ ግን ማክሰኞ ካመለጠን «አልሆነልኝም» ብለን መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው እንመልሳለን።

አያቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ዳዊት የሚደግም ሰው የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60፣ የረቡዑ ከ61 እስከ 80 ያለው መዝሙር ነው፤ እንዲህ እያለ ቅዳሜ 150ውን ይጨርሳል። ዛሬ ምን ላንብብ፣ ምን ያህል ላንብብ ብሎ አይጨነቅም፤ ስሜቱ እስኪመጣም አይጠብቅም። ሃይማኖቱን ለጊዜው ትተን አሠራሩን ብቻ ብናየው፣ ሰዓቱም መጠኑም አስቀድሞ የተወሰነ ነው። አንድ መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ ንድፍ የሚያወጣ አይመስለኝም።

ሌላም ችግር አለብን፤ ብዙ ጊዜ አንናገረውም እንጂ። ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስትሠራ የዋለች ዓይን ማታ አማርኛ ስትገልጥ ትደናቀፋለች። «አላስነበብኳቸውም» የሚለው አንድ ቃል አድራጊውንም፣ ተደራጊዎቹንም፣ አፍራሹንም አጭቆ ይዟል፤ ዓይን ይህን በአንድ እይታ የምታነሣው ስትለማመድ ብቻ ነው። ዝግመቱን ስንፍና ነው ብሎ ራስን መውቀስ አይገባም። ፍልስፍናውን አቆይቶ ጭውውት በሚበዛበት ልብ ወለድ መጀመር ይሻላል።

ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ብዙዎቻችን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምተነዋል፤ ስለዚህ ዓይን ስትደናቀፍ ጆሮ ያግዛታል። በቀን 8 ገጽ ለ66 ቀን ቢነበብ 528 ገጽ ይሆናል። ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ግን የማያነብ ልጅ ካለ ደግሞ ከስምንቱ አንዱን ገጽ ጮክ ብሎ ማንበብ ይቻላል።