እረኛ ሲፈተን፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳና የደርግ ዘመን

ክርስቲያን ግጭት ሲገጥመው ከፊቱ ያሉት መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ ይሸሻል፣ ይዋጋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ አለዚያም ባለበት ቆሞ ሥራውን ይቀጥላል። በኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህን የመጨረሻውን መንገድ በግልጽ የሚያሳየው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት የቄስ ጉዲና ቱምሳ ሕይወት ነው። መካኒሳ በሚገኘው መካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ነገረ መለኮት የሚማር ሰው ስማቸውን ሳይሰማ አይመረቅም ማለት ይቻላል። ከቤተ ክርስቲያናቸው ውጭ ግን የሚያውቃቸው ብዙ አይደለም።

ቄስ ጉዲና የወለጋ፣ የቦጂ ሰው ናቸው። አገልግሎት የጀመሩት በነቀምቴ ሆስፒታል በድሬሰርነት ነው፤ ቁስል ማጠብና ወንጌል መስበክ በእሳቸው ዘንድ የተነጣጠሉ ሥራዎች አልነበሩም። ይህ እምነታቸው በኋላ ከውጭ ወዳጆቻቸው ጋር አጋጭቷቸዋል። በአውሮፓ ያሉ ረጂዎች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ሲሰጡ ለስብከትና ለአገልጋዮች ሥልጠና ግን እጃቸውን ይሰበስቡ ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የመልእክቱ ፍሬ ነገር ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ሊከፈል አይገባም፣ እርዳታውም እንዲሁ የሚል ነው። ደብዳቤው አልተሳደበም፣ እርዳታውንም አልገፋም፤ ለጋሹን በአክብሮት ተከራከረ። ብር ከሚሰጥ ሰው ጋር በዚህ ዓይነት ድፍረት መነጋገር ያኔም ሆነ ዛሬ ቀላል አይደለም።

አብዮቱ ሲመጣ መካነ ኢየሱስ በጥላቻ አልተቀበለችውም። በ1967 ዓ.ም. ባወጣችው መግለጫ ለውጡ ይዞት የመጣውን የፍትሕ ጥያቄ ደገፈች፤ የትኛውም ርዕዮተ ዓለም ግን የእግዚአብሔርን ቦታ ሊይዝ እንደማይችል አክላ ተናገረች። ግጭቱን የወለደው ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ነው። ብዙም ሳይቆይ በ1969 ዓ.ም. ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ተወረሰ፤ በወለጋና በሌሎች አካባቢዎች ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፣ አገልጋዮች ታሰሩ። ነገሩን ያወሳሰበ ሌላም ጉዳይ ነበር። የቄስ ጉዲና ታናሽ ወንድም ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበር፤ ስለዚህ መንግሥት ቄሱን በፖለቲካ ዓይን ያያቸው ነበር። የተገደሉት ለእምነታቸው ነው ወይስ በፖለቲካ ምክንያት የሚለው ክርክር ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱ ምክንያቶች ተጠላልፈዋል ማለቱ ለእውነቱ የሚቀርብ ይመስላል።

እሳቸው በዚህ መሐል የሠሩት ሥራ ትኩረት ይገባዋል። በየፊናው የሚፈተነውን ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ወንጌላዊ ምእመን ወደ አንድ ጠረጴዛ ለማምጣት የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ምክር ቤት እንዲቋቋም ደከሙ። ለዘመናት በጎሪጥ ሲተያዩ ለኖሩ ወገኖች ይህ ትንሽ እርምጃ አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ከሁለተኛው እስር በኋላ ወዳጆቻቸው በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻቹ። ቄስ ጉዲና ግን ምእመናኑን ትቼ አልሄድም አሉ፤ ለዚህም የጠቀሱት ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ሁለተኛ መልእክት፣ ምዕራፍ 5 ቁጥር 15ን ነበር። ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈርም እ.ኤ.አ. በ1939 ከኒውዮርክ ወደ ሂትለር ጀርመን ተመልሶ በ1945 በስቅላት ተገድሏል፤ ቄስ ጉዲና የኢትዮጵያ ቦንሆፈር የሚባሉት ስለዚህ ነው። መውጣት ኃጢአት አይደለም፤ ብዙ አገልጋዮች ወጥተው ከውጭ ሆነው ጠቅመዋል። እሳቸው ግን መሪ ሲሸሽ የሚቀረው ሕዝብ ምን ይሰማዋል የሚለውን አስበው ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት በኡራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አስተምረው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች አስቆሟቸው። ባልና ሚስቱን ለያይተው በተለያየ መኪና ወሰዷቸው። ወይዘሮ ፀሐይ ከከተማ ውጭ ተለቀቁ፤ ባለቤታቸው ግን አልተመለሱም። 

የመከራው ጽዋ ለአንድ ቤተ እምነት ብቻ አልደረሰም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ደርግን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት ሾመዋል ተብለው በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱና ታሰሩ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሌላ ፓትርያርክ መሾሙን የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችም። አቡኑም በ1971 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ የፓትርያርኩም የቄሱም አጽም የተገኘው በአንድ ስፍራ፣ በራስ አስራተ ካሳ ግቢ ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ በ1984 ዓ.ም. ከመካኒሳ ብዙም በማይርቀው፣ ራሳቸው ባሠሩት ጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበሩ። ቄስ ጉዲናም በዚያው ዓመት በክብር ተቀበሩ።

መሪ ያጣው ምእመንስ? ሌላዋ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሠረተ ክርስቶስ በ1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ መሰብሰብ ጀመሩ፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥር አንድ በአንድ ይገባሉ፣ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ሴቶች ቤታቸውን ከፍተው ያስተናገዱበትና ያስተማሩበት ጊዜ ነው። ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው 34,000 ገደማ ደርሶ ተገኘ።

ከሁሉም ረጅሙን መከራ ያሳለፉት ግን ወይዘሮ ፀሐይ ሳይሆኑ አይቀሩም። ባለቤታቸው ከተወሰዱ ከወራት በኋላ ታስረው ብርቱ ድብደባ ተፈጸመባቸው፤ እስሩም አሥር ዓመት ያህል ቆየ። የባላቸው መቃብር የት እንዳለ እንኳ ሳያውቁ ነው ይህን ሁሉ ያሳለፉት። ከወህኒ ሲወጡ እምነታቸው አብሯቸው ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. እስኪያርፉም አልተዉትም። ስለ ጽናት በየሰንበቱ የሚያስተምሩ አገልጋዮች የቄሱን ስም ሲያነሱ የእሳቸውንም ታሪክ ለምእመኑ ቢነግሩ መልካም ነው።