የቆዳ ሶፋ ቅባት አይጠማውም

ሳሎኑ ውስጥ የቆዳ ሶፋ ያለው ሰው ሁሉ «እንዳይሰነጠቅ ቅቡት» የሚል ምክር ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ የወይራ ዘይት ያዝዛል፣ ሌላው ቫዝሊን፣ ሦስተኛው የጫማ ቀለም። ምክሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጀንዲ፣ ስልቻና ጠፍር የዘወትር ዕቃ በነበሩበት ቤት ቆዳን በቅባት ማሸት ትክክለኛ ሥራ ነበር። የዛሬው ሶፋ ግን ከጀንዲ ጋር የሚጋራው በሬውን ብቻ ነው። የለፋበት መንገድም ሆነ ላዩ ላይ የተደረገለት ነገር የተለየ ስለሆነ አያያዙም መለየት አለበት።

ጥሬው እንዴት ይለፋል?

የከብት ቆዳ በዋናነት የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ሦስት ሦስት ሆነው የተገመዱ ሞለኪውሎች ተሰብስበው ቃጫ ይሠራሉ፤ ቃጫዎቹም በየአቅጣጫው ይጠላለፋሉ። የቆዳ ጥንካሬ ከዚህ መጠላለፍ የሚመጣ ነው። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ግን ባክቴሪያ ይበላውና ይሸታል፤ ሲደርቅ ደግሞ ቃጫዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይገተራል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት በሚያልፍ ውሃ ውስጥ ቢገባ ኮላጅኑ ተኮማትሮ ቅርጹን ያጣል።

ማልፋት ማለት በቃጫዎቹ መካከል ማሰሪያ ማስገባት ነው። የጥንቱ ማሰሪያ ከዛፍ ልጣጭ፣ ከቅጠልና ከፍሬ የሚገኘው ታኒን ነበር፤ በሀገራችን ባህላዊ አለፋፍም የእምቧይ ፍሬ ሲያገለግል ኖሯል። በ1858 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ክናፕ በክሮሚየም ጨው ማልፋት እንደሚቻል አሳየ። በ1884 ደግሞ አውግስጦስ ሹልትዝ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ዘዴ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አስገባው። በታኒን ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በክሮም በሰዓታት የሚቆጠር ሆነ። በደንብ የለፋ የክሮም ቆዳ የፈላ ውሃ ውስጥ ቢገባ እንኳ አይኮማተርም። ዛሬ በዓለም ላይ የሚለፋው አብዛኛው ቆዳ የክሮም ነው።

ለሶፋ ባለቤት ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቆዳው በሚሽከረከር ትልቅ ከበሮ ውስጥ ሳለ ከውሃ ጋር የተዋሐደ ዘይት ይሰጠዋል። ዘይቱ እያንዳንዱን ቃጫ ስለሚለብስ ቆዳው ደርቆ እንኳ ይተጣጠፋል። ማለትም የሚያስፈልገውን ቅባት ጠጥቶ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው። ቀጥሎ የአብዛኛው የሶፋ ቆዳ ገጽ ቀለምና ፖሊመር በያዘ ስስ ሽፋን ይሸፈናል። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት አንድ ዕቃ «ቆዳ» ተብሎ እንዲሸጥ ይህ ሽፋን ከ0.15 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ስስ ይሁን እንጂ ዘይት አያሳልፍም። በዘይት ቀለም የተቀባ በር ላይ ዘይት ብናፈስ እንጨቱ እንደማይጠጣው ሁሉ፣ ሶፋው ላይ የምናሸው ቅባትም ከላይ ይቀራል። እዚያው ሆኖ አቧራ ይሰበስባል፣ ይጣበቃል፣ ሲቆይም ሽፋኑን እያላላ ያነሳዋል።

ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ይዩ

የከብት ቆዳ ለሶፋ ከሚፈለገው በላይ ወፍራም ስለሆነ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል። ፀጉር የነበረበት የላይኛው ክፍል ቃጫው ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ መፈተግን የሚችለው እሱ ነው። የታችኛው ክፍል ቃጫው ሻካራና የላላ ነው፤ ፕላስቲክ ይለበስበትና የቆዳ መልክ በማሽን ይታተምበታል። ከዚህም የሚያንስ አለ፦ የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ በጨርቅ ላይ የሚነጠፍ። መጨረሻ ላይ ያለው ምንም ቆዳ የሌለበት፣ በጨርቅ ላይ የተነጠፈ ፖሊዩሪቴን ነው። ሱቅ ውስጥ ሲታዩ አራቱም ያብረቀርቃሉ፤ አራቱም «ሌዘር» ይባላሉ።

ሽታን አይመኑ፤ የቆዳ ሽታ ይረጫል። ይልቅ የትራሱን ዚፕ ይክፈቱና የልብሱን የውስጥ ወገን ይመልከቱ። ቆዳ ከሆነ የተጎሳቆለ የቃጫ ጭገር ያያሉ፤ የተሸመነ ክር ካዩ ከቆዳው ዝርዝር ወጥተዋል። ቀጥሎ መቀመጫውን በአውራ ጣት ይጫኑ፦ የላይኛው ቆዳ በጣቱ ዙሪያ ደቃቅ መስመር ያወጣና ሲለቁት ይመለሳል። ፊቱንም በደንብ ይዩ። እሾህ የቧጨረው ጠባሳ፣ መዥገር የነከሰበት ነጥብ፣ የአንገት መጨማደድ ከታየ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት አልተፋቀም ማለት ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀዳዳ የተደረደረበት ገጽ ግን የማሽን ማኅተም ነው። በመጨረሻ የሶፋውን ጀርባና ጎን ይጠይቁ። ብዙ ሶፋዎች ገላ የሚነካውን ብቻ በቆዳ፣ የቀረውን በፕላስቲክ ያለብሳሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ ዋጋው የሙሉ ቆዳ ከሆነ ግን ነውር ነው።

እውነተኛ ቆዳ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የሽፋኑን ዓይነት ለመለየት፣ በሻጩ ፈቃድ፣ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ያድርጉ። ጠብታው ከሰረገና ቦታው ከጠቆረ ቆዳው በማቅለሚያ ብቻ የተነከረ፣ ሽፋን የሌለው ነው። ለመዳሰስ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ቡናውንም ወጡንም ይጠጣል። ልጆችና እንግዳ የማይጠፉበት ቤት ጠብታው ኳስ ሆኖ የሚቆምበትን ባለሽፋን ቆዳ ቢመርጥ ይሻለዋል። ነጭና ክሬም ቀለም የሚወዱም ይህን ይወቁ፦ የአዲስ ጂንስ ሰማያዊ ቀለም በፈተጋ ወደ ነጣ ያለ ቆዳ ይተላለፋል፤ ከቆየም አይለቅም።

በሁለት በሦስት ዓመቱ እንደ ቅርፊት የሚነሳው ሶፋ አብዛኛውን ጊዜ ቆዳ አይደለም። ብዙው ፖሊዩሪቴን ከአየርና ከላብ የሚያገኘው እርጥበት፣ በገላ ሙቀት ታግዞ፣ የሞለኪውሉን ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ ኬሚስቶች ሃይድሮሊሲስ ይሉታል። አንዴ ከጀመረ ቅባትም ሆነ ክሬም አያቆመውም። ስለዚህ ገንዘቡ ለእውነተኛ ቆዳ የማይበቃ ከሆነ በደንብ የተሠራ የጨርቅ ሶፋ ከፍርፋሪ ቆዳ ይሻላል።

የሚያስፈልገው ጥበቃ

የመጀመሪያው ጠላት ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በበጋ ከመስኮት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሶፋ ቀለሙ ይነጣል፣ ሽፋኑም ይሰባበራል። መጋረጃ ወይም ቦታ መቀየር ከማንኛውም ክሬም ይበልጣል። የከሰል ምድጃና ማሞቂያም ራቅ ይበሉ፤ የረጠበ ሶፋ በነፋስ እንጂ በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ አይደርቅም።

ሁለተኛው ጠላት የራሳችን ገላ ነው። ላብ፣ የፊት ወዝና የፀጉር ቅባት ሽፋኑን ያላላሉ። መጀመሪያ የሚጎዳው ሁልጊዜ የራስ መደገፊያውና የእጅ ማሳረፊያው የሆነው ለዚህ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ወንዶች ፀጉራቸውን የማካሳር ዘይት ይቀቡ ስለነበር ባለቤቶች በወንበር ጀርባ ላይ የሚታጠብ ጨርቅ ማልበስ ጀመሩ። የእኛ ዳንቴል ለጌጥ ይመስላል እንጂ ለጋ ቅቤ የተቀባ ራስ በሚያርፍበት ቤት ይኸንኑ ሥራ ይሠራል።

ሦስተኛው ጠላት ጽዳት ነው፤ በተለይ በብርቱ ሳሙና። የለፋ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ሲሆን የዱቄት ሳሙና፣ አሞኒያና በረኪና አልካላይ ናቸው፤ ሽፋኑን ያጠቃሉ፣ ከዘለቁም ቃጫውን። አልኮል፣ አሴቶንና አልኮል ያለበት እርጥብ ሶፍት ደግሞ ቀለሙን ያሟሙታል። በሳምንት አንዴ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ማንሳት፣ ስፌት ውስጥ የገባውን ፍርፋሪ በብሩሽ ማውጣት ይበቃል። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ለዘብ ያለ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ ጨርቁን ጨምቀው፣ በአረፋው ብቻ ያብሱ፤ ከዚያ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን ያንሱ። የፈሰሰ ነገር በመጫን ይመጠጣል እንጂ አይታሽም። ሽፋን በሌለው ቆዳ ላይ ቅባት ከፈሰሰ ፓውደር ነስንሰው ያሳድሩት።

በክረምት ሻጋታ ይመጣል። ሶፋው ከግድግዳ ትንሽ ራቅ ይበል፣ ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮት ይከፈት። አዲስ ሶፋ ከነመጣበት ላስቲክ ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም ላስቲኩ እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታውን ያሳድገዋል።

በዚህ ሁሉ ጥበቃም ቢሆን ሽፋኑ ከዓመታት በኋላ ያልቃል። የቀለም መሳሳት በታየበት ጊዜ የቆዳ ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ አጽድቶ እንደገና ሊቀባው ይችላል። ስንጥቁ ቃጫው ድረስ ከወረደ ግን የተበጠሰውን የሚቀጥል ክሬም የለም። በየወሩ ለቅባት የሚወጣው ገንዘብ ለወፍራም መጋረጃና ለዚያ ጥገና ቢጠራቀም ሶፋው ይበልጥ ይጠቀማል።