ሌላ ሰው ለጻፈው ማን ይጠየቃል? የቴሌግራምና የፌስቡክ ቡድን ኃላፊዎችና ሕጉ

ሀዋሳ፦ የቡና ዋጋ፣ የማዳበሪያ አቅርቦት፣ የቤት ኪራይና የዕድር ጉዳይ ዛሬ ከገበያ ይልቅ በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች ቀድሞ ይሰማል። ቡድኑን ከፍቶ የሚያስተዳድረው ሰው፣ በተለምዶ «አድሚን» የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የማይከፈለውና ጎረቤቱን ለማገልገል የተነሣ ነው። ለአብነት ያህል፣ በአንድ የቡና ገበሬዎች ቡድን ውስጥ አንድ አባል ሌሊት ገብቶ አንድን ነጋዴ በስሙ ጠርቶ «በሚዛን ይሰርቃል» ብሎ ጻፈ እንበል። ነጋዴው በማግስቱ ለአድሚኑ ደውሎ «ሐሰት ነው፤ አውርድልኝ» ይለዋል። አድሚኑም «እኔ አልጻፍሁትም» ብሎ ነገሩን ይተወዋል። ይህ መልስ ያድነዋልን?

የጸሐፊው ተጠያቂነት ግልጽ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ምስል ወይም ድምፅ በኮምፒውተር ሥርዓት ያሰራጨ ሰው፣ የተበደለው ወገን አቤቱታ ሲያቀርብ፣ እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ወይም በሁለቱም እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ለአድሚኑ የሚያሳስበው አንቀጽ 16 ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት «አገልግሎት ሰጪ» ሌላ ሰው ባሰራጨው ሕገ ወጥ ይዘት የሚጠየቀው በሦስት ሁኔታዎች ነው፤ በማሰራጨቱ ወይም በማረሙ ሥራ በቀጥታ ከተሳተፈ፣ ይዘቱ ሕገ ወጥ መሆኑን በእርግጥ ካወቀ በኋላ ለማስወገድ ምንም እርምጃ ካልወሰደ፣ ወይም ሥልጣን ያለው አካል አሳውቆት ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ። አዋጁ የቡድን አድሚንን በስም አይጠራም። ትርጓሜው የቴክኒክ ወይም የግንኙነት አገልግሎት የሚያቀርብን ሰው የሚመለከት በመሆኑ፣ ጠበቃ «ደንበኛዬ አገልግሎት ሰጪ አይደለም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሆኖም በዚህ ክርክር ላይ ብቻ ተማምኖ መተኛት ብልህነት አይመስለንም። ነጋዴው ከመደወሉ በፊት አድሚኑ አላወቀም፤ ከደወለ በኋላ ግን «አላየሁም» ማለት አይችልም። በሲዳማ የአፊኒ ባህል ሽማግሌዎች ወደ ፍርድ ከመግባታቸው በፊት «ሰምታችኋል?» ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ፣ ሕጉም መስማትንና ማወቅን አስቀድሞ ይመለከታል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት አስቸጋሪ ነገር አለ። ጥንቃቄ የሚያበዛ አድሚን ማንኛውም ጽሑፍ እርሱ ሳያጸድቀው እንዳይወጣ ያደርጋል። ነገር ግን ራሱ አንብቦ ያሳለፈውን ጽሑፍ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም፤ በማሰራጨቱም ተሳትፏል ሊባል ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በጋዜጣ ለወጣ ስም ማጥፋት የጋዜጣውን ኃላፊ ተጠያቂ ያደርጋል። ስለዚህ የሚያጸድቅ አድሚን የአዘጋጅን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል፤ ያለ ማጽደቅ ክፍት የሚተው ደግሞ ቅሬታ ሲደርሰው ሊፈጥን ይገባዋል።

ነገሩ ከግለሰብ ስም አልፎ ወደ ብሔር ወይም ሃይማኖት ሲዞር አደጋው ይከብዳል። በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ከክልልነት ጥያቄ ጋር ተያይዞ ሁከት በተነሣ ጊዜ በሀዋሳ ኢንተርኔት መቋረጡን ነዋሪው አይረሳውም። ከስምንት ወራት በኋላ የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎችም ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስወግዱ ያዛል።

ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ከዚህ ጥያቄ አላመለጡም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ በፌስቡክ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዘ ውንጀላ ከተሰራጨባቸው በኋላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሡ ደጋግሞ ማመልከቱን በመግለጽ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ሜታ ፍርድ ቤቱ ሊዳኘው እንደማይችል ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኗል።

ወደ ቡናው ቡድን እንመለስ። አድሚኑ ስልኩ ሲደወልለት ጽሑፉን ከነቀኑና ከነሰዓቱ በፎቶ አስቀርቶ ማውረድ፣ ለነጋዴውም ማውረዱን ማሳወቅ ይችላል። ጸሐፊው ማስረጃ ካለው ክሱን ለንግድ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ እንዲያቀርብ መንገር ይበጃል፤ የሚዛን ስርቆት እውነት ከሆነ ገበሬው በዝምታ መጎዳት የለበትምና። አድሚኑ ማሳ ላይ ሲውል ወይም ኔትዎርክ ሲያጣ የሚተካው ሁለተኛ ሰው ቢሾም፣ የነጋዴው ስልክ መልስ ሳያገኝ አይውልም።